ፊትና ኋላን እኩል የሚያደርገው ቢሻው

እንጅባራ ውስጥ ለጥ ያለ መሬት ያለው ቢሻው ብቻ ነው። ሌላው ከተማ ወይ ዳገት ነው፣ ወይ ቁልቁለት ነው፣ ወይ ደግሞ ጭቃ ነው። ቢሻው ግን ወደ ዳንግላ መውጫ፣ አስፋልቱ ዳር በያዛት ቦታ ላይ አንድ መኪና የሚያቆም የሲሚንቶ ወለል በገዛ እጁ ሠርቷል። ወለሉ ሲደርቅ ውሃ ደፋበትና ወዴት እንደሚሄድ ቁጭ ብሎ አየ። ውሃው ወደ መንገዱ አደላ። ቢሻው ፈልጦ ጣለውና እንደገና ሠራው። ያኛውም ወደ አጥሩ አደላና ተፈለጠ። በመጨረሻ ውሃው መሄጃ አጥቶ መሃል ላይ ቆመ፤ ቢሻውም ያን ጊዜ ነው እጁን የታጠበው። ሚስቱ ሰርክአዲስ "ይህን ያህል ልፋት ለቤታችን ወለል ቢሆን ኖሮ!" እያለች እስከ ዛሬ ታነሣበታለች። እውነቷን ነው፤ የቤታቸው ወለል ብርጭቆ አያስቆምም።

ሥራው ባሌስትራ ነው። ከመኪናው ሆድ ሥር፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርበው የታሰሩ፣ ጎበጥ ያሉ ብረቶች አሉ፤ ጭነቱን የሚሸከሙትና የመንገዱን ድንጋይ የሚያበርዱት እነሱ ናቸው። ሲሰበሩ ይለውጣቸዋል፤ ሲደክሙ በእሳት አግሎ፣ ቀጥቅጦ ወደ ጉብጠታቸው ይመልሳቸዋል። ስሙ የወጣው ግን በሌላ ነው። ፊቱ ወርዶ ኋላው የተሰቀለ፣ ወይ ኋላው ተቀምጦ ፊቱ ያንጋጠጠ መኪና ከመጣለት እኩል አድርጎ ይመልሰዋል።

የኛ አገር ሹፌር ቢሻው ዘንድ የሚሄደው "ኋላውን አንሣልኝ!" የምትል አንዲት ቃል ይዞ ነው። እኔ ምህረቴ ሹፌር ስለሆንሁ የምናገረው የራሴን ጉድ ነው። በዚያ ዘመን ገበሬው ሁሉ ማሳው ላይ ዲከረንስ የሚባል ፈጥኖ የሚያድግ ዛፍ እየተከለ ከሰል ያከስል ነበር። ከሰሉን ደግሞ ከየጓሮው ወደ አስፋልት የሚያወጣው እንደ እኔ ያለ ፒካፕ ነጂ ነው። ጆንያውን እንደ ቤት ትከምረዋለህ፤ መኪናው በኋላው ቁጭ ይላል። ስለዚህ ሮጠህ ቢሻው ዘንድ ትሄድና ተጨማሪ ብረት ይደርብልሃል። ከዚያ በኋላ ጭነት ስትይዝ መኪናህ ልክ ነው። ከሰሉ ተራግፎ ባዶህን ስትመለስ ግን ኋላው ተሰቅሎ፣ አፍንጫው መሬት ላይ ተደፍቶ ሣር የሚግጥ በሬ ይመስላል። በዚያ ላይ የደነደነው ብረት አይታጠፍም። ጠጠር ስትረግጥ አናትህ ከጣሪያው ጋር ይሳሳማል።

ቢሻው ይህን ያውቃልና ዝም ብሎ አይደርብልህም። ጥያቄ ያበዛል። ምን ትጭናለህ? ስንት ሰው ትጭናለህ? ስትመለስስ ባዶህን ነህ? እኔ ትዕግሥት የሚባል ነገር ስላልፈጠረብኝ መጀመሪያ የሄድሁ ጊዜ "አንተ ሰውዬ፣ ልጅህን ልትድርልኝ ነው እንዴ እንዲህ የምትመረምረኝ?" አልሁት። አልተቆጣም። "መኪና ባዶውን አይለካም፤ ከነሸክሙ ነው የሚለካ" ብሎ ክሪኩን ይዞ ከሥሩ ገባ።

አለካኩም ለብቻው ነው። ሌላው ሜትሩን ከመሬት ይጀምራል። ቢሻው ግን ጎማ ሊተነፍስ ይችላል ብሎ ከመሬት አይለካም፤ ከጎማው እምብርት ተነሥቶ ከጎማው በላይ እስካለው የጭቃ መከላከያ፣ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ድረስ ነው የሚለካ። መኪናው ከክሪክ ሲወርድም ወዲያው አይለካም። ወደ ፊት ገፋ፣ ወደ ኋላ ገፋ ያደርገውና ዕቃ የሚጫንበት ካሶኒው ላይ ወጥቶ ይዘልበታል። ቁመቱ አጭር ነው፤ እግዜር ሲፈጥረው ቸኩሎ ሳይጨርሰው የሄደ ይመስላል። እናም እዚያ ላይ ሆኖ ሲዘል አላፊ አግዳሚው ይስቃል። "ካልረጋ ልኩ ውሸት ነው" ይላል እሱ፣ እየዘለለ።

የተወለደው ከጥርባ በላይ፣ ከዘንገና ሐይቅ ማዶ ባለው ደጋ ነው። አባቱ በልጅነቱ ሞቱና ቤቱን የያዘው ታላቅ ወንድሙ መሳፍንት ሆነ። መሳፍንት ግንድ የሚያህል ሰው ነው፤ ሞፈር ሲይዝ ሞፈሩ ያንሰዋል። ቢሻው ግን እርሻ አልሆነለትም፤ በሬዎቹ ይዘውት ይሄዳሉ እንጂ እሱ አይዛቸውም። እናታቸው እማማ ሸጋ "ይህ ልጅ ሌላ እንጀራ አለው" ብለው ወደ ከተማ ላኩት። በአይሱዙ ረዳትነት ጀመረ። አንድ ቀን ድንች ጭነው ሲሄዱ ዳገት ላይ ባሌስትራው ተሰብሮ ቀሩ። ሹፌሩ ጭንቅላቱን ይዞ ቁጭ ሲል ቢሻው ከመንገድ ዳር ባሕር ዛፍ ቆርጦ ሽብልቅ ጠረበ፤ ሲገጥም አላመቸውምና አውጥቶ ጠረበው፤ ደግሞ አውጥቶ ጠረበው። በዚያች እንጨት ባሕር ዳር ደርሰው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ከባሌስትራ ወጥቶ አያውቅም።

እማማ ሸጋ በገበያ ቀን እንጅባራ ሲወርዱ የሚቀመጡት እዚያችው የሲሚንቶ ወለል ጫፍ ላይ ነበር። ከደንበኛው ጋር ጨዋታ ይይዛሉ፣ ልጃቸው ከመኪና ሥር ሆኖ ይሰማል። እኔን ሲያዩኝ "ያ ነገረኛ ሹፌር መጣ" ይሉኛል፤ ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም። ከመሳፍንት ጋር ይከባበራሉ። ከቢሻው ጋር ግን ይጫወታሉ፣ ይቀላለዳሉ፣ ሚስጥር ያወራሉ። ትንሹ ልጅ ነዋ።

በ2007 ዓ.ም. ክረምት እማማ ሸጋ ከምንጭ ሲመለሱ አንሸራትቷቸው ወደቁ። ዳሌያቸው ላይ ነው የወደቁት። ወጌሻ መጥቶ አሸ፣ አሰረ፤ አልሆነም። ከጤና ጣቢያ የመጣው ነርስ ዳሌያቸውን ዳስሶ፣ እግራቸውን አይቶ መሳፍንትን ወደ ውጭ ጠራው። አጥንቱ የተሰነጠቀ ይመስለኛል፣ ገና አልተለያየም አለው። እንጅባራ ሆስፒታል ይድረሱ፤ ግን በመንገድ ከተንገላቱ ይለያያል፣ ያን ጊዜ መራመድ የሚባል ነገር የለም። የወረዳው አምቡላንስ ወላድ ይዞ ሩቅ ቀበሌ ነበር። በቃሬዛ ተሸክመው እንዳይወርዱ ደግሞ ቁልቁለቱ በዝናብ ሙልጭ ብሎ ባዶ እጁን የሚሄደውን እንኳ ይጥል ነበር።

ቢሻው ወደ እኔ የመጣው ሮጦ ነው። ሲሮጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

"ምህረቴ፣ ፒካፑን። እናቴን ላምጣበት።"

"ውሰደው እንጅ! እኔም እነዳልሃለሁ።"

"እንዲህ ሁኖ አይሆንም፤ ይሰብርብኛል" አለኝና ወደ ተሰቀለው የፒካፑ ኋላ በአገጩ አሳየኝ። ያን ኋላ የሰቀለው እሱ ራሱ ነው፤ ለከሰል።

የፒካፑ ባለቤት ጋሽ ባንተአምላክ ከሰል ነጋዴ ናቸው፤ ደህና ሰው ናቸው፣ ግን ከሰል ሲነካባቸው አይወዱም። "ነገ ጭነት አለብኝ" ብለው ትንሽ አጉረመረሙ። ቢሻው "ጋሽ ባንተአምላክ፣ እርስዎም እናት ነበረችዎ፤ ስመለስ እንደነበረ አድርጌ ደርቤ እሰጥዎታለሁ" ቢላቸው ፊታቸውን አዙረው "ሂዱ፣ ሂዱ" አሉ።

ፒካፑ ወለሉ ላይ ቆመ። ቢሻው ብሎኖቹን ፈታ፣ የደረባቸውን ብረቶች ከሁለቱም ወገን አወጣ፣ የቀሩትን ግራሶ ቀብቶ መልሶ አሰረ። እኔ አለቀ ብዬ ቁልፉን አነሣሁ። እሱ ግን መጋዘን ገብቶ አንድ ጆንያ ድንች ይዞ ወጣ። ካሶኒው ላይ አስተኛው። ከዚያ ራሱ ጎኑ ተቀመጠና እኔን "ጋሼን ሁን" አለኝ። ታላቅ ወንድሙን ማለቱ ነው። "ጋሼን የሚያህል ሁለት እኔ ነኝ" ስለው ሌላ ግማሽ ጆንያ አሸከመኝ። ካሶኒ ላይ ድንች ታቅፌ ቁጭ አልሁ፤ መንገደኛው ያየኛል።

ቢሻው ወርዶ ለካ። ተመለሰና የተኛውን ጆንያ በሁለት እጁ አቅፎ አነሣው። አስቀመጠው። እንደገና አነሣው፣ ዐይኑን ጨፍኖ ትንሽ ያዘው።

"ይከብዳል" አለ። "ከስታለች።"

ጆንያውን ፈትቶ ድንች ቀነሰ። ደግሞ አቀፈው፤ ደግሞ ቀነሰ። እናቱን መቼ አቅፎ እንዳነሣ አልጠየቅሁትም፤ ሌላ ሌላውን አየሁ። በመጨረሻ መኪናውን ገፋፍቶ፣ ዘሎበት፣ ለክቶ፣ ፊትና ኋላው እኩል ሲሆን "በል እንሂድ" አለኝ።

ስንወጣ መንገዱን አላመንሁትም። ያ በየጠጠሩ የሚያነጥረኝ ፒካፕ ድንጋዩን እየዋጠ ይሄዳል። "ይህን ሁሉ ዓመት ለከሰል ስል ነው አጥንቴን ያደቀቅሁት?" አልሁት። ቢሻው አልሳቀም። አንገቱን በመስኮት አውጥቶ የኋላውን ጎማ ያያል።

ቤታቸው ስንደርስ እማማ ሸጋ ፍራሽ ላይ ተኝተዋል። መሳፍንት እግራቸውን ከጭናቸውና ከቁርጭምጭሚታቸው ላይ በሁለት መዳፉ ይዞታል፤ ነርሱ እንዴት እንደሚያዝ አሳይቶታልና ከዚያ ወዲያ ለሌላ ሰው አልሰጠም። ከነፍራሹ አነሣናቸው። ካሶኒው ላይ ስናስተኛቸው መሳፍንት እግራቸውን እንደያዘ ተንበርክኮ ገባ። እማማ ሸጋ የቢሻውን እጅ ፈልገው ያዙ።

"ከራስጌዬ አትጥፋ" አሉት።

"የት እሄዳለሁ?"

"አትጥፋ ነው የምልህ። መሳፍንት እግሬን ይዟል፣ አንተ ራሴን ያዝ። እፈራለሁ።"

"አልጠፋም እምዬ።" አለና ከራስጌያቸው ተቀመጠ።

ይህን ጊዜ ነው ስሕተቱ የመጣው። የሠራው ሥራ አልነበረም የተሳሳተ። ቢሻው የለካው እናቱን፣ ወንድሙንና ራሱን ነበር፤ ከተማ ብዙ ስለኖረ በዚህ አገር በሽተኛ ብቻውን እንደማይሄድ ረስቶት ነበር። እኔማ የከተማ ሰው ነኝ፣ ከየት አውቄው! ሞተሩን ከማስነሣቴ ጎረቤቱ ሁሉ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ዱላውን ይዞ ብቅ አለ። መጀመሪያ የወጡት አያ አዝመራው ናቸው፤ የነቢሻው አባት ባልንጀራ፣ ጃንጥላቸውን እንደያዙ። ቀጥሎ የእማማ ሸጋ የክርስትና ልጅ ወጣ፣ የዕቁብ ሰው ወጣ፣ የድንበር ጎረቤት ወጣ፣ አንዲት ሴትዮ በሰፌድ ቆሎ ይዘው ወጡ። ጠርዙ ላይ ተደርድረው፣ መሃል እማማ ሸጋን ከበው ተቀመጡ። ካቢኑ ውስጥም ሁለት ሰው አጠገቤ ገባ። መቀመጫዬ ወደ ኋላ ሲያዘነብልና የፊት መስተዋቱ ሰማይ ሲያሳየኝ ተሰማኝ።

ትንሽ እንደሄድን ድንጋዩ መጣ። "ጓ!" አለ ከሥር። ባሌስትራው ዘቅጦ፣ ጎማዎቹን ያያዘው አክስል ከመኪናው አጽም፣ ከሻንሲው ጋር ብረት ለብረት ተማታ። እማማ ሸጋ ጮኹ። በአማርኛ አልነበረም የጮኹት፤ ሲያማቸው ወደ አገውኛ ይገባሉ። ምን እንዳሉ አላወቅሁም፤ ማወቅም አያስፈልገኝ።

አቆምሁ። ቢሻው ዘሎ ወርዶ ከኋላ ጎማ ሥር ተንበረከከ። እኔም ወርጄ አየሁ፤ በብረቱና በብረቱ መሃል ጣት አይገባም። ገና ከፊታችን ያ ረጅም ድንጋያማ ቁልቁለት አለ።

"አስወርዳቸው" አልሁት በሹክሹክታ።

"እንዴት ብየ?"

"ውረዱ ብለህ ነዋ!"

"ምህረቴ፣ እናቴን ሊሸኙ የመጡ ናቸው። እርሻቸውን ጥለው። እኔ ከተማ ስቀመጥ እሷን የጠበቋት እነሱ ናቸው። ውረዱ ልበላቸው?" ጭቃውን ከጉልበቱ ላይ ያራግፋል፣ ጭቃው ግን አይራገፍም። "ከዚህ በኋላ በየትኛው ፊቴ እዚህ ቤት እመጣለሁ?"

ይሉኝታ የሚባለው ነገር እኔን ብዙም አይዘኝም። ወደ ካሶኒው ዞርሁና "ወገኖቼ፣ መኪናው ከብዶታል፤ የምትችሉ በእግር ብትሆኑ..." ብዬ ጀመርሁ። አያ አዝመራው ከላይ ሆነው አዩኝ።

"ከሰል ስትጭንበት አይከብደው፤ ሰው ሲሆን ነው የከበደው?"

ሰዉ ሳቀ። እኔን አናደደኝ፣ ግን ሰውየው ልክ ናቸው፤ ከሰሉን ችሎ ነበር፤ የቻለበትን ብረት ነው ያወጣነው። ይህን ደግሞ ለማን ታስረዳለህ! መሳፍንትም ከውስጥ "ዝም ብለህ ቀስ እያልህ ንዳ" አለኝ። ምን ያድርግ፣ እሱም የሰፈሩ ሰው ነው።

ቀስ እያልሁ ነዳሁ። በእግር የሚሄድ ሰው ይቀድመኝ ነበር። ያም ሆኖ ሁለተኛው ድንጋይ ላይ ያው "ጓ!" መጣ። እማማ ሸጋ አሁን አልጮኹም። የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ከተቱት። በመስተዋት አየኋቸው። መሳፍንት ላብ አጥምቆታል፣ እጁ ግን ከእግራቸው አልተነቃነቀም።

የካቢኑ መስኮት ተንኳኳ፤ ቢሻው ነው፣ ቁም ይለኛል። ወደ እናቱ ጎንበስ ሲል አየሁት፤ በጆሯቸው አንድ ነገር አላቸው። እሳቸው እጁን ጨበጡት እንጂ አልለቀቁትም። ጣታቸውን ቀስ ብሎ አላቀቀ፣ ራሳቸውን ከጭኑ ወደ ትራሱ አሳረፈ፣ ወረደ። ከዚያ ሁሉም እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

"እናንተ በሉ ሂዱ" አለ። "መኪናው ከብዶታልና እኔ ልውረድለት። በእግሬ እደርስባችኋለሁ።"

እኔ አልገባኝም ነበር። አንድ አጭር ሰው ቢወርድ ምን ሊቀል ነው ብዬ ልቆጣ አፌን ስከፍት አያ አዝመራው ጃንጥላቸውን ዘርግተው ተነሡ።

"ልጇ በእግሩ፣ እኛ በመኪና?" አሉ። "ሰው ምን ይለናል? ልቀቁኝ ልውረድ።"

እሳቸው ሲወርዱ የክርስትና ልጁ ተከተለ። ባለ ሰፌዷ ሴትዮ ቆሎውን ይዘው ወረዱ። የዕቁቡ ሰው፣ የድንበር ጎረቤቱ፣ አጠገቤ የተቀመጡት ሁለቱም። ማንም ውረድ አላላቸውም፤ የበሽተኛዋ ልጅ ጭቃ ላይ ቆሞ ሳለ ማን ጠርዝ ላይ ይቀመጣል! አንድ አንድ ሰው በወረደ ቁጥር ካሶኒው ከፍ፣ ከፍ ሲል ታየኝ። መሳፍንትም እንደ ልማዱ ሊነሣ ጉልበቱን ሲያነቃንቅ ቢሻው "ጋሼ! አንተ እንዳትንቀሳቀስ። እግሯ እጅህ ላይ ነው" አለው። ለታላቅ ወንድሙ በትእዛዝ ሲናገር የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። መሳፍንት ተመልሶ ተንበረከከ።

ቦታ ሞልቷል እኮ አሁን። ከራስጌው ያለው ቦታ ባዶውን ነው። "ና ውጣ!" አልሁት ቢሻውን። "እናትህ እየጠራችህ ነው።"

እውነትም ይጠሩት ነበር። "ቢሻው! የት ሄድህ? ቢሻው!"

እጁን ጠርዙ ላይ አደረገ። አንድ እግሩንም አነሣ መሰለኝ። ከዚያ ዘወር ብሎ ጎረቤቶቹን አየ፤ ሁሉም እሱን እያዩ ነው፣ ዱላቸውን ተመርኩዘው፣ እሱ የሚያደርገውን ሊያደርጉ።

"እኔ ከወጣሁ ሁሉም ይወጣል" አለኝ ቀስ ብሎ። "ንዳ።"

"ቢሻው..."

"ንዳ አልሁህ እኮ!"

ነዳሁ። እማማ ሸጋ መታጠፊያው ድረስ ይጠሩት ነበር። በመስተዋት ሳየው እንደሌላው ቆሞ አልሸኘንም። ጭቃው ላይ በደረቱ ሊተኛ ምንም አልቀረውም፤ አንገቱን ሰብሮ የመኪናውን ኋላ ይመለከታል፣ ልክ መሆኑን። ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረድሁት አላውቅም። ድንጋዩን ሁሉ ዋጠው። ከሥር ድምፅ የሚባል አልመጣም። እኔ ግን መሪውን እንደያዝሁ በቁጣ እሳደባለሁ፤ ጎረቤቱን እሳደባለሁ፣ መንገዱን እሳደባለሁ፣ ከሰሉን እሳደባለሁ፣ ዕንባዬም ይመጣል።

ሆስፒታል ደረስን። ፎቶ አነሧቸው። ሐኪሙ አጥንቱ ቦታውን አለቀቀም አለ፤ እግራቸውን በክብደት ወጥረው አስተኟቸው። መሳፍንት ይህን ሲሰማ እንደዚያ ያለ ትልቅ ሰውዬ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ወደ ታች ቁጭ አለ። እጆቹ ደንዝዘው መዳፉን መጨበጥ አልቻለም። እማማ ሸጋ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል። ወተት ስሰጣቸው አልፈልግም አሉ።

"አልጠፋም ብሎኝ ነበር" አሉኝ።

ልንገራቸው አፌ ድረስ መጣ። ከዚያ ግን በሩ ተከፈተና ቢሻው ከነሰዉ ገባ። እስከ አስፋልቱ በእግር፣ ከዚያ በሚኒባስ ነው የመጡት። ሁሉም እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው። ነርሷ ወለሉን እያየች "ኧረ በእግዚአብሔር!" ትላለች። አያ አዝመራው ጃንጥላቸውን አጥፈው፣ ሴትዮዋ ቆሏቸውን ይዘው አልጋውን ከበቡ፤ እግዜር ይማርሽ፣ እግዜር ይማርሽ። ቢሻው በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

እማማ ሸጋ አሻግረው አዩት።

"ለምን ተውኸኝ?" አሉት፣ በሰው ፊት። "ስጠራህ እየሰማህ?"

ጎረቤቶቹ ሁሉ ዘወር ብለው አዩት። እኔ አሁን ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። ሰው ከብዶ፣ ብረት ተማትቶ፣ አጥንትሽ ሊሰበር ነበር ይላል ብዬ። ይህን ቢል ግን አያ አዝመራው የት ይገባሉ? እርሻቸውን ጥለው፣ ጭቃ ለጭቃ መጥተው፣ ሊሸኟት ወጥተው ሊገድሏት እንደነበረ አልጋዋ ሥር ቆመው ሊሰሙ ነው። ቢሻው አንገቱን ደፋ።

"መኪናው አጥወለወለኝ፣ እምዬ" አለ።

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ዕድሜውን ሁሉ ከመኪና ሥር የኖረ ሰው! አያ አዝመራው ጃንጥላቸውን እስኪጥሉ ሳቁ። "ለካስ ለዚህ ነው የወረድህ፣ እኛን በእግራችን ያስኬድኸን!" እያሉ ይቀልዱበታል፤ እሱም አብሮ ፈገግ ይላል።

እማማ ሸጋ አልሳቁም። መጀመሪያ የቢሻውን እግር አዩ። ከዚያ የአያ አዝመራውን እግር፣ የክርስትና ልጁን፣ የሴትዮዋን፣ የሁሉንም ጭቃ አንድ በአንድ አዩ። ቀጥሎ መሳፍንትን አዩት፤ መሳፍንት ዐይኑን ሰበረ። እሳቸውም እጃቸውን ዘርግተው ቢሻውን ወደ ራስጌያቸው ጠሩት። ሲቀርብ እጁን ይዘው ደረታቸው ላይ አደረጉትና ወደ ጎረቤቶቻቸው ዞሩ።

"እውነቱን ነው፣ አትሳቁበት" አሉ። "ይህ ልጅ ከትንሽነቱ ጀምሮ መኪና አይስማማውም።"